ሁለት መስመር ተከፍሎ አንድ መስመር ሲሠራ

«ሲስተም የለም» የሚለው አባባል በገበያው ቋንቋ ውስጥ ከገባ ሰነባብቷል። በባንክ መስኮት ይሰማል፣ በነዳጅ ማደያ ይሰማል፣ ዕቃ ሊያስወጣ ጉምሩክ የቆመ አስመጪም ይሰማዋል። ደንበኛው ጥቂት ያጉረመርምና ይሄዳል፤ ገንዘብ ተቀባይዋም እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ለመሆኑ የጠፋው ምንድነው? ኮምፒዩተሩ በቦታው ነው፤ ፕሮግራሙ አልተሰረቀም፤ በባንክ ያለው ሒሳብም አንድ ሳንቲም አልጎደለበትም። አንዳንድ ጊዜ የስልክ መስመሩ እንኳ አልተበጠሰም። የጠፋው መንገዱ ነው። መንገዱን የምታሳየው ደግሞ ከመደርደሪያው ጀርባ አቧራ የጠጣችው፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትለው፣ ራውተር የምትባል ሳጥን ነች።

ብዙ ነጋዴ ስለዚህች ሳጥን የሚያውቀው ዋጋዋን ብቻ መሆኑ የገበያው አንዱ ድክመት ነው። ያው ነጋዴ የቡናውን ደረጃ ሳያይ አይገዛም፤ የሚዛኑን ልክነት ሳያረጋግጥ አያስመዝንም፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ለማን እንደሰጠ ያውቃል። የቀን ሽያጩ የሚያልፍባትን ሳጥን አሠራር ግን «እሱን ልጁ ያውቀዋል» ብሎ ይተወዋል። ልጁ ማለት ከሁለት ዓመት በፊት መጥቶ፣ ገጥሞ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ የሄደው ባለሙያ ነው። ስልኩ ዛሬ ላይነሳ ይችላል።

የራውተር ሥራ በመሠረቱ የተወሳሰበ አይደለም። በአውቶቡስ ተራ ያለ ተራ አስከባሪ የሚሠራውን ነው የምትሠራው። ከየኮምፒዩተሩ የሚወጣው መረጃ በትናንሽ ጥቅል ይከፋፈላል፤ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ መድረሻው በቁጥር ተጽፏል፤ ይህም ቁጥር የአይፒ አድራሻ ይባላል። ራውተሯ ቁጥሩን ታይና በውስጧ ከተጻፈው ሠንጠረዥ ጋር ታመሳክራለች። ሠንጠረዡም «የዚህ ሰፈር ጥቅል በዚህ በር፣ የዚያ ሰፈር ጥቅል በዚያ በር ይውጣ» የሚል ነው። ሁለት መመሪያ ለአንድ አድራሻ ቢገጥሙ ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን ትመርጣለች። አድራሻው ከሠንጠረዡ ውስጥ ከሌለ ለማይታወቅ መንገደኛ ሁሉ በተመደበው በር፣ ባለሙያዎች ዲፎልት ሩት በሚሉት፣ ትሸኘዋለች። እሱም ካልተጻፈላት ጥቅሉን ትጥለዋለች። ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ የሚታየው «መገናኘት አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይሆናል።

ይህን ሠንጠረዥ የሚጽፈው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይረሳል፣ ይቸኩላል፣ ወጪ ለመቆጠብም ይሞክራል።

መርካቶ ሱቅ፣ ቃሊቲ መጋዘን ያለው አስመጪ ለምሳሌ ይወሰድ። በሁለቱም ቦታ ከገበያ የተገዙ ሳጥኖች ተተክለዋል። ሁለቱም ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.1 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ይዘው ነበርና የነካቸው ሳይኖር እንደዚያው ቀሩ። ሱቁም መጋዘኑም ለየብቻቸው ኢንተርኔት ስለሚያገኙ ችግሩ አይታይም። አስመጪው የዕቃ መዝገቡን ከሱቅ ሆኖ ለማየት ፈልጎ «ሁለቱን አገናኙልኝ» ያለ ቀን ግን ነገሩ ይጠላለፋል። የሱቁ ኮምፒዩተር መጋዘን ያለውን 192.168.1.20 ሲፈልግ እዚያው ሱቅ ውስጥ ያለ ጎረቤቱ ይመስለዋል፤ ጥቅሉን ለራውተሯ እንኳ አይሰጣትም። በአንድ ቀበሌ ለሁለት ቤት አንድ ቁጥር እንደመስጠት ነው። መፍትሔው የመጋዘኑን አድራሻ 192.168.2 ብሎ መለወጥና በየራውተሩ ላይ የሌላውን ወገን መንገድ መጻፍ ነው። አታሚው፣ ካሜራው፣ የሽያጭ መመዝገቢያው ሁሉ በአሮጌው ቁጥር ተመዝግቦ ከቆየ በኋላ ሲለወጥ ግን ቀን ይፈጃል። ከመጀመሪያው ታስቦበት ቢሆን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር።

የመልሱ መንገድስ? ባለሙያው ከሱቅ ወደ መጋዘን የሚወስደውን ጽፎ ከመጋዘን ወደ ሱቅ የሚመልሰውን ቢረሳ ጥያቄው ይደርሳል፣ መልሱ ግን በመንገድ ይቀራል። ዕቃ በዱቤ ልኮ ገንዘቡ ያልተመለሰለት ነጋዴ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ገንዘብ በከንቱ የሚፈስሰው በይበልጥ በሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ነጋዴው የሚያማርጠው ከአንድ በላይ አቅራቢ አለው። ጠንቃቃው ድርጅት ከአንዱ የፋይበር መስመር፣ ከሌላው የሞባይል ዳታ ይዞ «ከእንግዲህ ሲስተም አይጠፋብኝም» ይላል። ውሳኔው ጥሩ ነው። ነገር ግን ለሁለት መስመር መክፈልና ሁለት መንገድ ማግኘት አንድ አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በራውተሯ ላይ ሁለት መውጫ ይጻፋል፤ አንዱ ዋና፣ አንዱ ተጠባባቂ። ቅደም ተከተላቸውን የምትለየው በቁጥር ነው። በሲስኮ ራውተር ላይ በእጅ የተጻፈ መንገድ 1 የሚል ደረጃ ይዞ ይነሳል፤ ለተጠባባቂው 10 ወይም ሌላ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያነሰው ቁጥር ይቀድማል። ዋናው ሲወድቅ ተጠባባቂው ይተካል ተብሎ ይታሰባል። ይሁንና ራውተሯ ዋናው መንገድ ወደቀ የምትለው እሷ ላይ የተሰካው ሽቦ ሲሞት ነው። ከሞደሙ እስከ ሳጥኗ ያለችው አንድ ሜትር ሽቦ ደህና ከሆነችና ሞደሙም መብራት ካለው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ በቁፋሮ ተበጥሶ ቢሆን እንኳ እሷ የምታውቀው ነገር የለም። ጥቅሉን ሁሉ ወደ ሞተው መስመር ታፈስሰዋለች። ተጠባባቂው አጠገቧ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ የወሩ ሒሳብ ግን ይከፈልበታል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ራውተሯ በየጥቂት ሰከንዱ ሩቅ ያለ አድራሻን «አለህ ወይ?» እያለች እንድትጠይቅ፣ መልስ ስታጣም መንገዱን እንድትለውጥ ማዘዝ ይቻላል። እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። በማይክሮቲክ ራውተሮች ላይ መውጫውን እንድትፈትሽ የሚያዘው ቀላሉ ምርጫ የሚጠይቀው ቀጣዩን በር ብቻ ነው፤ ቀጣዩ በር ደግሞ እዚያው ክፍል ያለው ሞደም ሊሆን ይችላል። ሞደሙ «አለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ እሱ አለ። ስለዚህ የሚጠየቀው ከአቅራቢው ወዲያ ያለ አድራሻ ሊሆን ይገባዋል፤ ለምሳሌ 8.8.8.8 የተባለው የጉግል አድራሻ። አንድ ሳይሆን ሁለት አድራሻ ቢጠየቅ ደግሞ ይመረጣል፤ የአንዱ ዝምታ የመስመሩ ሞት ላይሆን ይችላልና።

«ይህ የትላልቅ ኩባንያዎች ጣጣ ነው፣ ለሱቅ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ትላልቆቹም ቢሆኑ የወደቁት በዚሁ ሠንጠረዥ መሆኑን ማየት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 ዓርብ ንጋት ላይ በካናዳ የሮጀርስ ቴሌኮም ሠራተኞች በሰባት ምዕራፍ የተከፈለ የኔትወርክ ማሻሻያ ስድስተኛውን ምዕራፍ እየሠሩ ነበር። ከማከፋፈያ ራውተሮቹ ኮንፊገሬሽን ውስጥ አንድ ማጣሪያ ተሰረዘ። የማጣሪያው ሥራ እጅግ ብዙ የሆነው የመንገድ ዝርዝር በሙሉ ወደ ዋናዎቹ ራውተሮች እንዳይጎርፍ መከልከል ነበር። ሲሰረዝ ጎረፈ። ዋናዎቹ ራውተሮች ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸው በደቂቃዎች ውስጥ ወደቁ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ስልክም ኢንተርኔትም አጡ። ኢንተራክ የተባለው የአገሪቱ የባንክ ካርድ ክፍያ ሥርዓትም በሮጀርስ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር አብሮ ቆመ። የሮጀርስ ደንበኛ ያልሆነ ሸማች፣ የሮጀርስ ደንበኛ ካልሆነ ሱቅ፣ በባንክ ካርዱ ዳቦ መግዛት አቃተው። ኪሱ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ያለው ግን ገበያተኛ ሆኖ ዋለ።

የሮጀርስ ነገር በዚህ አላበቃም። ሠራተኞቹ ስሕተቱን ለማረም ወደ ራውተሮቹ መግባት አልቻሉም፤ መግቢያቸውም በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ላይ ነበርና። ቁልፉ ከውስጥ ተቆለፈበት ማለት ነው። የሠራተኞቹ ስልክም የሮጀርስ በመሆኑ እርስ በርስ ለመነጋገር የተፎካካሪ ኩባንያዎች ሲም ካርድ አስፈለጋቸው። ለካናዳ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የቀረበው የውጭ መርማሪዎች ዘገባ እንደሚለው የራውተሮቹን መዝገብ ለማየት የተቻለው ከ14 ሰዓት በኋላ ነው።

በዚያው ዘገባ ውስጥ ለነጋዴ የሚሆን ሌላ ቁም ነገር አለ። ኩባንያው የማሻሻያውን አደገኛነት በመጀመሪያ «ከፍተኛ» ብሎ መድቦት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያለ ችግር በማለፋቸው ስድስተኛው «ዝቅተኛ» ተባለ። አምስት ጊዜ በወቅቱ የከፈለ ባለ ዱቤ ስድስተኛው ላይ ትልቅ ዕቃ ወስዶ ሲሰወር ያየ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አይጠፋም። እሱ ይህን ስሕተት በወረቀት ላይ ቢያቀርቡለት ወዲያው ያውቀዋል፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ሲደርስ ግን አያየውም። ኢንተራክ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አቅራቢ እንደሚጨምር አስታውቋል። የክፍያ ሥርዓት ለሚያህል ነገር ይህ ቀድሞ አለመደረጉ ያስገርማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከአውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2023 ኦፕተስ የተባለው ኩባንያ ራውተሮች ከውጭ አገር ግንኙነት የመጣ የመንገድ ዝርዝር ለውጥ ከተወሰነላቸው መጠን ስላለፈባቸው ራሳቸውን ከኔትወርኩ ነጠሉ። 90 ገደማ ራውተሮች ነበሩ፤ ለአንዳንዶቹም ባለሙያ በአካል መሄድ ነበረበት። 10 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ለግማሽ ቀን ያህል ያለ አገልግሎት ቆዩ፤ በካርድ የሚሸጡ ሱቆችም ሥራ ፈቱ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ በዚያው ወር ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021፣ ፌስቡክና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም የጠፉት በጥገና ላይ በተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የመንገዳቸው ማስታወቂያ ከኢንተርኔት ስለተነሣ ነው። ዱባይና ጓንግዡ ካለ ሻጭ ጋር በዋትስአፕ የዕቃ ፎቶግራፍ የሚለዋወጥ አስመጪ ያን ቀን ያስታውሰዋል።

ወደ ሱቁ ሲመለስ ደግሞ ትንሹ ነጋዴ ትልቁ የማያውቀው የራሱ ጣጣ አለው፤ ይኸውም መብራት ነው። በሲስኮ ራውተሮች ላይ ባለሙያው የሚጽፈው ለውጥ ወዲያው ሥራ ይጀምራል፤ የሚቀመጠው ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋ ማስታወሻ ላይ ነው። ወደ ቋሚው ማስታወሻ እንዲገለበጥ ለብቻው መታዘዝ አለበት። ባለሙያው ይህን ሳያደርግ ቢሄድ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ነጋዴውም አመስግኖ ይከፍላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሯ የቀድሞውን ሠንጠረዥ ይዛ ትነሳለች። በዚያን ቀን የሚወቀሰው መብራት ኃይል ነው፤ ቀጥሎም ቴሌ ይወቀሳል። ሁለቱም በዚህኛው ነገር የሉበትም። ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ሳጥኗን ከሶኬት ነቅሎ መልሶ እንዲሰካት መጠየቅ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ነጋዴ ግን ይህን መጠየቅ ነውር ይመስለዋል። ለጄኔሬተር ግን ይጠይቃል፤ አስነሥቶ ሳያይ አይረከብም።

የይለፍ ቃሉስ ማን ዘንድ ነው? ይህ ጥያቄ ባለሀብቱንም ባለሙያውንም የሚያስኮርፍ ነው። ባለሙያው ለራሱ የሚለው አለው፤ «የይለፍ ቃሉን ለባለቤቱ ከሰጠሁ የወንድሙ ልጅ ገብቶ ያበላሸውና እኔ እጠየቃለሁ» ይላል። ሐሰት አይደለም፤ ይደርሳል። የይለፍ ቃል በኪሱ ይዞ ደንበኛውን እንደ መያዣ የሚያቆይ ባለሙያም አለ፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ማስታረቂያው ከኮምፒዩተር በፊት የነበረው የታሸገ ፖስታ ነው። የይለፍ ቃሉና የሠንጠረዡ ግልባጭ በወረቀት ላይ ታትሞ፣ ታሽጎና ተፈርሞበት ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። ለአንድ መካከለኛ ድርጅት ሠንጠረዡ ከጥቂት ገጽ አይበልጥም። ፖስታው የተከፈተ እንደሆነ ይታወቃል፤ ባለሙያው የጠፋ እንደሆነ ደግሞ ሌላው ከዜሮ አይጀምርም። ያለ ግልባጭ አዲስ የመጣ ባለሙያ የመጀመሪያ ሥራው የቀድሞው ምን እንደሠራ መገመት ነው፤ ለግምቱም ያስከፍላል።

ራውተሯን ከፋብሪካ በወጣ የይለፍ ቃል መተውማ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደማደር ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 2018 ሲስኮ ይፋ ባደረገው ጉዳይ ቪፒኤንፊልተር የተባለ ሰርጎ ገብ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን ይዞ ተገኝቷል፤ ብዙዎቹ የቤትና የትንንሽ መሥሪያ ቤት ራውተሮች ነበሩ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮም ባለቤቶቹ ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ እስከመጠየቅ ደርሷል። ለአስተናጋጁም፣ ለደንበኛውም፣ ለገንዘብ መመዝገቢያውም አንድ ዋይፋይ የሚሰጥ ምግብ ቤት ደግሞ ከዚህ የባሰ አደጋ ላይ ነው፤ ቡና ሊጠጣ የገባ ሰው ከካሳው ጋር በአንድ ክፍል ተቀመጠ ማለት ነውና። ራውተሯ ሁለቱን በተለያየ አድራሻ ከፍላ አንዱ ወደ ሌላው መንገድ እንዳያገኝ ማድረግ ትችላለች። ይህን ቸል ያለ ባንክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከባንግላዴሽ ብሔራዊ ባንክ ሒሳብ 81 ሚሊዮን ዶላር ሲዘረፍ ጉዳዩን የያዙ የፖሊስ መርማሪ ለሮይተርስ እንደገለጹት ባንኩ ፋየርዎል አልነበረውም፤ ከዓለም አቀፉ የስዊፍት ክፍያ ጋር የሚገናኙት ኮምፒዩተሮችም የተያያዙት በ10 ዶላር በተገዙ አሮጌ ማገናኛዎች ነበር። ቁጠባ ይሉታል!

በዚህ ረገድ ደላላውና የገበያ ወኪሉ ከሱቅ ነጋዴው ይልቅ ሊያስቡበት ይገባል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ቆመው በጩኸትና በመዳፍ ምት ነበር የሚዋዋሉት። ለዚያ ራውተር አያስፈልግም፤ ጉሮሮ ይበቃል። በኋላ ግብይቱ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ተዛወረ። ጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ደግሞ ከመነሻው በኮምፒዩተር የሚካሄድ ነው። ደንበኛው «ሽጥልኝ» ባለበት ሰዓትና ትእዛዙ በደረሰበት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ገንዘብ ነው። «ሲስተም አልነበረም» የሚለው መልስ ዋጋው ለወረደበት ደንበኛ መልስ አይሆነውም። ደንበኛው ወኪሉን ከመምረጡ በፊት ስንት መስመር እንዳለው ብቻ ሳይሆን ዋናው ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ተሞክሮ ያውቅ እንደሆነና መቼ እንደተሞከረ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ወጪውን በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያሻም። ከላይ ከተነሡት ነገሮች አብዛኞቹ አዲስ ዕቃ አያስገዙም፤ ያለችውን ሳጥን በቅጡ መጻፍ ነው የሚጠይቁት። የሚያስፈልገው ውሉ ላይ ጥቂት መስመር መጨመር ነው። አሁን የተለመደው ውል «ኔትወርክ ዘርግቶ ማስረከብ» የሚል ነው፤ ምን ማስረከብ እንደሆነ አይልም። በምትኩ የአድራሻው ዝርዝር፣ የሠንጠረዡ ግልባጭና የይለፍ ቃሉ ርክክብ በስም ቢጻፍ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ፤ ጠንቃቃው ባለሙያም ዋጋ ሰብሮ ከሚሠራው ጋር እኩል አይታይም። ከጠቅላላው ክፍያ ጥቂቱ እንደ ግንባታ ሥራ መያዣ ሆኖ ቢቆይ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። የሚለቀቀውም ገበያ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቱ ቆሞ እያየ የዋናው መስመር ሽቦ ከራውተሯ ሳይሆን ከሞደሙ ወዲያ ካለው ከግድግዳው በኩል ተነቅሎ፣ በተጠባባቂው መስመር አንድ ሽያጭ ተመዝግቦ ደረሰኙ ሲወጣ ነው።